በግብፅ ሰማይ የታየው ኮከብና የባዶው ጠፈር ክብደት

ዘመኑ 396 ዓመተ ሒጅራ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1006 ነው። በግብፅ ምድር ዐሊ ኢብን ሪድዋን የሚባል የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነበረ። ዕድሜው ገና አሥራ ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ለመምህር የሚከፍለው ስላልነበረው አብዛኛውን ዕውቀት ከመጻሕፍት በራሱ ይቀስም ነበር። በዚያ ዓመት የጸደይ ወራት በደቡብ ሰማይ፣ በአቅረብ ከዋክብት አቅጣጫ፣ ከዚያ በፊት ያልነበረ ኮከብ ወጥቶ አየ። ከዙህራ ኮከብ ሁለት እጥፍ ተኩል እስከ ሦስት እጥፍ የሚተልቅ፣ ብርሃኑም የጨረቃን ብርሃን ሩብ ጥቂት አለፍ የሚያደርግ እንደነበረ መዝግቧል።

ወጣቱ አድጎ በካይሮ ስመ ጥር ሐኪም ሆነ። በበጥሊሞስ መጽሐፍ ላይ በጻፈው ማብራሪያ ውስጥ ይህን ትዝታውን ሲያሰፍር አንድ ብልህነት ጨመረበት፤ ይኸውም በዚያን ዕለት ፀሐይ፣ ጨረቃና ሌሎቹ ተጓዥ ከዋክብት የት የት እንደነበሩ አብሮ መመዝገቡ ነው። በዚህም ምክንያት ዛሬ ያሉ ተመራማሪዎች ወደ ኋላ አስልተው ቀኑ ኤፕሪል 30 ቀን 1006 እንደነበረ ለማወቅ ችለዋል። ያንኑ ኮከብ በቻይና፣ በጃፓንና በስዊዘርላንድ የቅዱስ ጋለን ገዳም ያሉ ሰዎችም መዝግበውታል። የሰው ልጅ አይቶ ከጻፋቸው ከዋክብት ሁሉ እጅግ ደማቁ እርሱ ነው።

ኢብን ሪድዋን ያየው ነገር አዲስ የተወለደ ኮከብ አልነበረም፤ ይልቁንም የሚሞት ኮከብ ነበር። ነዳጁን ጨርሶ የተኮማተረ፣ መሬትን የሚያክል ነገር ግን የፀሐይን ያህል የሚመዝን ኮከብ ከልኩ ያለፈ ሲጫንበት በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ይህን ዓይነቱን ፍንዳታ ሊቃውንቱ «ሱፐርኖቫ አንድ ኤ» ይሉታል። ከእኛ ወደ 7,000 የብርሃን ዓመት ስለሚርቅ፣ ወጣቱ ባየው ጊዜ ፍንዳታው ከደረሰ ሰባት ሺህ ዓመት ገደማ አልፎታል ማለት ነው። ይህን ታሪክ ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከ992 ዓመት በኋላ፣ በ1998፣ ስለ አጽናፈ ዓለም ይታመን የነበረውን አስተሳሰብ የገለበጠው የዚሁ ዓይነት ኮከብ ብርሃን ነውና።

ከኢብን ሪድዋን አርባ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ዐብዱረሕማን አስ-ሱፊ የተባለው የፋርስ ሊቅ፣ በቡወይሂዱ ገዥ በዐዱድ አድ-ደውላ ዘመን፣ የከዋክብትን ሥዕል የሚያሳይ ታላቅ መጽሐፉን በ964 ገደማ ጻፈ። በእኛ ዘመን አንድሮሜዳ በምንለው የከዋክብት ክምችት ውስጥ «ትንሽ ደመና» እንዳለ አመለከተ። ያለ ቴሌስኮፕ፣ በዐይኑ ብቻ ነው ያየው። ከዚህ በፊት ስለዚህ ነገር በጽሑፍ የተላለፈ መረጃ አይታወቅም። ያቺ ትንሽ ደመና ምን እንደሆነች ለማወቅ ከ950 ዓመት በላይ ፈጀ።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሊቃውንቱ ለሁለት ተከፍለው ይከራከሩ ነበር። ገሚሶቹ ደመናይቱ በእኛው የከዋክብት መንደር፣ በፍኖተ ሐሊብ፣ ውስጥ ያለች ጭጋግ ናት ሲሉ፣ ገሚሶቹ ደግሞ ራሷን የቻለች ሌላ የከዋክብት አገር ናት አሉ። በኤፕሪል 1920 ዋሽንግተን ላይ ሃርሎ ሻፕሊና ሂበር ከርቲስ ፊት ለፊት ተከራክረው ሳይሸናነፉ ተለያዩ። ክርክሩን የፈታው በኦክቶበር 1923 ኤድዊን ሀብል በካሊፎርኒያ ማውንት ዊልሰን ላይ ያነሣው አንድ የመስታወት ፎቶግራፍ ነው። ሀብል በደመናይቱ ውስጥ ብርሃኑ በየጊዜው ከፍና ዝቅ የሚል ኮከብ አገኘ። የእነዚህን ከዋክብት ጠባይ ቀደም ብላ ያጠናችው ሄንሪየታ ሌቪት የተባለች የሃርቫርድ ሠራተኛ ነበረች፤ ከፍና ዝቅ የሚሉበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር እውነተኛ ብርሃናቸው የሚበልጥ መሆኑን በ1912 አረጋግጣለች። ፋኖሱ ምን ያህል ዘይት እንደሚያነድ ካወቅን፣ ከሩቅ ስናየው ካለው ድምቀት ተነሥተን ርቀቱን ማስላት እንችላለን። ሀብል በዚህ ዘዴ ወደ 900 ሺህ የብርሃን ዓመት አገኘ። ትክክለኛው ርቀት 2.5 ሚሊዮን ያህል መሆኑ ከጊዜ በኋላ ቢታወቅም፣ ዋናው ነገር ተረጋግጧል። የአስ-ሱፊ ትንሽ ደመና በብዙ መቶ ቢሊዮን የሚቆጠሩ ከዋክብት ያሉባት ሌላ ጋላክሲ ነች።

ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ ታሪክ ይሄድ ነበር። አልበርት አንስታይን በ1917 የስበት ቀመሩን በመላው አጽናፈ ዓለም ላይ ሲሞክረው አንድ ችግር ገጠመው። ቁስ ሁሉ እርስ በርሱ የሚሳሳብ ከሆነ፣ ሰማይ ባለበት ጸንቶ ሊቆም አይችልም። በዚያን ጊዜ ደግሞ ሰማይ ጸንቶ የቆመ እንጂ የሚለዋወጥ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አንስታይን ስበትን የሚቃወም፣ ባዶው ጠፈር ራሱ የሚገፋበት አንድ ቁጥር በቀመሩ ላይ ጨመረ። ምልክቱም ላምዳ የተባለችው የግሪክ ፊደል ሆነች።

በ1922 አሌክሳንደር ፍሪድማን የተባለ ሩሲያዊ የሒሳብ ሊቅ፣ ቀመሩ የሚሰፋም የሚኮማተርም ሰማይን እንደሚፈቅድ አሳየ። አንስታይን መጀመሪያ «ስሕተት አለበት» ብሎ ጻፈ፤ በዓመቱ ስሕተቱ የራሱ እንደነበረ በጽሑፍ አመነ። በ1927 የቤልጂጉ ዦርዥ ለሜትር ወደዚያው ድምዳሜ በራሱ መንገድ ደረሰ፤ አንስታይን አሁንም ሒሳቡን ቢያደንቅም ሐሳቡን አልተቀበለም። በመጨረሻ በ1929 ሀብል፣ ጋላክሲዎች በራቁ መጠን ከእኛ የሚሸሹበት ፍጥነት እንደሚጨምር አስታወቀ። ሊጥ ላይ ጥቁር አዝሙድ በትነን ሊጡ ኩፍ ሲል እያንዳንዱ ፍሬ ከጎረቤቱ ይርቃል፤ ከራቀው ደግሞ ይበልጥ ይርቃል። የሚሆነው እንዲሁ ነው።

እዚህ ላይ ስሙ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ሰው አለ። ከሀብል ጋር የጋላክሲዎቹን ፍጥነት ሌሊቱን ሙሉ በብርድ እየተቀመጠ የለካው ሚልተን ሁማሰን፣ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልገፋም። ለቴሌስኮፑ መሥሪያ የሚሆነውን ዕቃ በበቅሎ ጭኖ ተራራውን ያወጣ የነበረ፣ በኋላም የዚያው ጣቢያ ጽዳት ሠራተኛ ሆኖ የተቀጠረ ሰው ነው። በእጁ ጥራትና በትዕግሥቱ ከፍ ከፍ ብሎ የሙያው ቁንጮ ሆነ።

አንስታይን በ1931 ማውንት ዊልሰንን ጎብኝቶ፣ በዚያው ዓመት ላምዳን ከቀመሩ ሰረዘው። ጆርጅ ጋሞው የተባለው የፊዚክስ ሊቅ እንደተረከው፣ አንስታይን ላምዳን የሕይወቱ ትልቁ ስሕተት ብሎታል።

አሁን ወደ ሁለተኛው እንቆቅልሽ እንለፍ። በ1933 ፍሪትዝ ዝዊኪ የተባለ፣ በካሊፎርኒያ የሚሠራ፣ ጠበኝነቱ ከዕውቀቱ እኩል የሚነገርለት ስዊዘርላንዳዊ፣ ኮማ የተባለውን የጋላክሲዎች ስብስብ መረመረ። ጋላክሲዎቹ እጅግ ፈጥነው ስለሚጓዙ፣ የሚታየው ቁስ ብቻ በስበቱ ሊያግዳቸው አይችልም፤ ተበታትነው ማለቅ ነበረባቸው። ስለዚህ ዝዊኪ የማይታይ «ጨለማ ቁስ» መኖር አለበት አለ። ያወጣው ቁጥር ከልክ በላይ የበዛ ነበር፤ ሐሳቡም አርባ ዓመት ያህል ብዙ ሰሚ ሳያገኝ ቀረ።

ያስደመጡት ዶክተር ቬራ ሩቢን ናቸው። በ1948 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ሲይዙ ለከፍተኛ የሥነ ፈለክ ትምህርት ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲን ጠየቁ። ዩኒቨርሲቲው በዚህ የትምህርት ክፍል ሴቶችን መቀበል የጀመረው በ1975 ስለነበረ ሳይሆንላቸው ቀረ። የአራት ልጆች እናት ናቸው። ልጆች እያሳደጉ፣ ማታ ማታ እየተማሩ፣ በ1954 የዶክተርነት ማዕረጋቸውን ከጆርጅታውን አገኙ። በ1965 በፓሎማር ተራራ ቴሌስኮፕ በስማቸው ተፈቅዶላቸው የሠሩ የመጀመሪያዋ ሴት ሲሆኑ፣ በሕንፃው ውስጥ ለሴት የሚሆን መጸዳጃ ቤት እንኳ አልነበረም። ከወረቀት የቀሚስ ቅርጽ ቀድደው በሩ ላይ ባለው የሰው ምስል ላይ ለጠፉበትና «ይኸው አሁን አላችሁ» አሉ ይባላል። ሴት ልጆቻችንን ስናስተምር ይህ ታሪክ ይጠቅመናል ብዬ ስለማምን ነው ጥቂት የቆየሁበት።

ዶክተር ሩቢንና ባልደረባቸው ኬንት ፎርድ የመረጡት ጋላክሲ አንድሮሜዳን፣ ያችኑ የአስ-ሱፊን ደመና ነበር። በእኛ ፀሐይ ዙሪያ ያለውን ሥርዓት እንመልከት። ለፀሐይ ቅርብ የሆነችው ዐጣርድ በሰከንድ 47 ኪሎ ሜትር ያህል ስትከንፍ፣ ዳር ያለችው ኔፕቱን 5 ኪሎ ሜትር ከግማሽ አትሞላም። ከክብደቱ መሀል በራቅን መጠን ፍጥነቱ መቀነስ አለበት። በአንድሮሜዳ የሆነው ግን ሌላ ነው። በ1970 ባሳተሙት ጥናት፣ ዳር ዳር ያሉት ከዋክብትም መሀል ካሉት እኩል ማለት ይቻላል በሰከንድ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛሉ። ከዚያ በኋላ የተመረመሩት ሌሎች ጋላክሲዎችም እንደዚሁ ሆነው ተገኙ። ዐይን የሚያየው የጋላክሲ ብርሃን በትልቅ የማይታይ ጉልላት ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ መብራት ነው ማለት ነው። የለም፣ ችግሩ ያለው በስበት ቀመሩ ላይ ነው የሚሉም አሉ፤ እስራኤላዊው ሞርዴሃይ ሚልግሮም በ1983 ያቀረበው ሐሳብ ዛሬም ጥቂት ጠበቆች አሉት። ጨለማው ቁስ ቅንጣት ከሆነ ግን ምን ዓይነት ቅንጣት እንደሆነ አልታወቀም። በአሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ፣ የወርቅ ማዕድን በነበረ ጉድጓድ ውስጥ፣ ከመሬት በታች አንድ ተኩል ኪሎ ሜትር ላይ፣ አሥር ቶን ፈሳሽ ዜኖን ተከማችቶ አንዲት ቅንጣት እስክትነካው ይጠበቃል። እስካሁን ባወጣቸው ውጤቶች ያዝኳት አላለም።

ሦስተኛው ታሪክ የባዶው ጠፈር ታሪክ ነው። አንድን ሳጥን ወስደን አየሩን፣ ሙቀቱን፣ ብርሃኑን ሁሉ ብናወጣ ምን ይቀራል? «ምንም» ማለታችን አይቀርም። የጥቃቅን ነገሮች ፊዚክስ ግን እንዲህ አይልም። ማክስ ፕላንክ ከ1911 ጀምሮ ባወጣው ሐሳብ መሠረት፣ ሙቀት ጨርሶ በሌለበት እንኳ የሚቀር ጥቂት ኃይል አለ። ሄንድሪክ ካሲሚር የተባለው ሆላንዳዊ በ1948 እንዳሰላው፣ በኦና ቦታ ውስጥ ሁለት የብረት ገበታዎችን እጅግ አቀራርበን ብናቆም፣ ማንም ሳይነካቸው እርስ በርሳቸው ይጠጋሉ። በ1997 ስቲቭ ላሞሮ ይህን ግፊት በሲያትል በጥንቃቄ ለክቶ ከስሌቱ ጋር መስማማቱን አሳይቷል።

እንግዲህ ኃይል ካለ ክብደት አለ፤ ክብደት ካለ ደግሞ በሰማይ ላይ መታየት አለበት። ቮልፍጋንግ ፓውሊ ገና በወጣትነቱ ይህን አስልቶ፣ ኦናው ቀመሩ የሚለውን ያህል ቢከብድ ኖሮ አጽናፈ ዓለም እስከ ጨረቃ እንኳ የማይደርስ ጠባብ ይሆን ነበር ማለቱን ባልደረቦቹ አውስተዋል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሶቪየታዊው ያኮቭ ዜልዶቪች፣ የአንስታይን ላምዳና የኦናው ኃይል በቀመር ላይ አንድ ዓይነት ሥራ እንደሚሠሩ አመለከተ። ችግሩ ግን ስሌቱ ከሚታየው እጅግ መብለጡ ነበር። ልዩነቱ 1 ጽፈን 120 ዜሮ ብንከተልበት የሚገኘው ቁጥር ያህል ነው። በፊዚክስ ታሪክ እንዲህ የከፋ ስሌት የለም ይባላል፤ እኔም የሚወዳደረው አላገኘሁም። ብዙዎቹ «እኛ በማናውቀው ምክንያት ተጣፍቶ ዜሮ ይሆናል» ብለው ተስፋ አድርገው ተቀመጡ።

እነሆ በዚህ ጊዜ ነው የኢብን ሪድዋን ኮከብ ወንድሞች የመጡት። «ሱፐርኖቫ አንድ ኤ» ሁሉም ተቀራራቢ ብርሃን ስለሚሰጡ፣ ዘይታቸው እንደተለካ ፋኖሶች ናቸው። ጥቃቅን ልዩነታቸውን ማረም የተቻለው በቺሊ የሚሠሩ ሊቃውንት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባደረጉት ጥናት ነው። ሁለት ቡድኖች ተፎካከሩ። አንደኛውን በ1988 የተጀመረውን በበርክሌይ ሳውል ፐርልሙተር መሩት፤ ሁለተኛውን ከ1994 ጀምሮ ብራያን ሽሚት ከአውስትራሊያ ሆነው መሩት። ጨለማ ሌሊት እየመረጡ በሺህ የሚቆጠሩ ጋላክሲዎችን ፎቶ ያነሣሉ፤ ከሳምንታት በኋላ ያንኑ ሰማይ ደግመው አንሥተው፣ ያልነበረ ነጥብ ሲያገኙ ወደ ትልልቆቹ ቴሌስኮፖች ይሮጣሉ።

ሁለቱም የፈለጉት አንድ ነገር ነበር፤ የመስፋቱ ፍጥነት ምን ያህል እየቀነሰ ነው? ወደ ላይ የወረወርነው ድንጋይ ፍጥነቱ እየቀነሰ መሄዱ የማይቀር ነውና፣ መቀነሱን የተጠራጠረ አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1997 መገባደጃ የሽሚት ቡድን አባል የሆኑት ወጣቱ አዳም ሪስ፣ በሠርጋቸው ሰሞን፣ ሒሳቡን ሲሠሩ የአጽናፈ ዓለሙ ክብደት ከዜሮ በታች ሆኖ ወጣባቸው። ከምንም በታች የሚመዝን ነገር የለም። ስሕተት ፈለጉ፤ አላገኙም። ሽሚትም በበኩላቸው ለብቻቸው አሰሉት፤ መልሱ ያው ሆነ። የሩቆቹ ሱፐርኖቫዎች ከተጠበቀው በላይ ደብዝዘዋል፤ ማለትም ርቀዋል። ድንጋዩ እየዘገየ አይደለም፤ እየፈጠነ ነው! የፐርልሙተር ቡድንም በ42 ሱፐርኖቫዎች ወደዚያው ድምዳሜ ደርሶ ነበር። በ1998 መጀመሪያ ለዓለም ተነገረ፤ በ2011 ሦስቱ የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ።

አንስታይን የሰረዘው ላምዳ በዚህ ሁኔታ ተመለሰ። ለምን እንደሚያፋጥን በወጥ ቤት ምሳሌ ለማስረዳት ልሞክር። ወጥ ላይ ውሃ ስንጨምር ጨዉ ይቀጥናል፤ ሰማይ ሲሰፋ ቁስም እንደዚሁ ይሳሳል። የኦናው ኃይል ግን የተጨመረው ውሃ የራሱን ጨው ይዞ እንደሚመጣ ነው፤ ቦታ በሰፋ ቁጥር እርሱም አብሮ ይበዛል እንጂ አይቀጥንም። ስለዚህ ከአምስት ወይም ከስድስት ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቁሱ ሲሳሳ፣ ገፊው ኃይል በሳቢው ላይ በረታ። መጠኑ ግን ኢምንት ነው። መላዋን መሬት የሚያክል ባዶ ቦታ የያዘው ይህ ኃይል በሚዛን ቢቀመጥ ሰባት ሚሊግራም አይሞላም፤ ሃያ የጤፍ ፍሬ ግድም ቢሆን ነው። ሰማይ ሰፊ ስለሆነ ብቻ ድምሩ ሁሉን በለጠ። ፕላንክ በተባለችው ሳተላይት ልኬት መሠረት ከዋክብቱም፣ ባሕሩም፣ እኛም የተሠራንበት ቁስ ከጠቅላላው 5 በመቶ ብቻ ነው። ጨለማው ቁስ 27፣ ጨለማው ኃይል 68 በመቶ ይሆናል።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። በአዝ-ዛሪያት ሱራ ውስጥ ስለ ሰማይ የተነገረውን አንቀጽ ከ1929ኙ ግኝት ጋር አስረው የሚያቀርቡ ብዙ ትናንሽ መጻሕፍት አሉ። ቀደምት ሙፈሲሮች ቃሉን በተለያየ መልኩ፣ ብዙዎቹም በችሎታና በስፋት ትርጉም፣ አብራርተውታል። የሳይንስ ሰዎች በ1917 ሰማይ ቆሟል አሉ፤ በ1931 ይሰፋል፣ ነገር ግን ይዘገያል አሉ፤ በ1998 ይፈጥናል አሉ። የእነርሱ ክብር ስሕተታቸውን ማመናቸው ነው። የአላህን ቃል ከእያንዳንዱ እርምጃቸው ጋር የምንቋጥር ከሆነ ግን በሚቀጥለው ዙር ምን ልንል ነው?

የሚቀጥለው ዙር ደግሞ ሩቅ ላይሆን ይችላል። በአሪዞና ኪት ፒክ ተራራ ላይ አምስት ሺህ የመስታወት ክሮች የተገጠሙለት ደዚ የተባለ መሣሪያ፣ ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጉ ጋላክሲዎችንና ሌሎች ሩቅ ብርሃናትን መዝግቦ በማርች 2025 ባወጣው ውጤት፣ ጨለማው ኃይል ጸንቶ የሚኖር ሳይሆን ከጊዜ ጋር እየደከመ የመጣ ሊሆን እንደሚችል ጠቁሟል። ጥቆማው ግኝት ነው ለመባል ከሚጠየቀው ልክ አልደረሰም። ከሆነ ግን የኦናው ቋሚ ኃይል የሚለው ማብራሪያ ሊወድቅ ነው። በጁን 2025 የመጀመሪያ ሥዕሎቹን ያሳየው የቺሊው ታላቅ ቴሌስኮፕ፣ በ2016 ባረፉት በዶክተር ቬራ ሩቢን ስም የተሰየመው፣ በአሥር ዓመት የሥራ ዘመኑ እጅግ ብዙ አዳዲስ ሱፐርኖቫዎችን እንዲለቅም ታቅዷል።

ትንሿን ደመና ማየት የሚፈልግ ቤተሰብ ካለ መሣሪያ አያስፈልገውም። በኅዳር መገባደጃ፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት፣ ከከተማ መብራት ርቆ፣ ከዒሻ ሶላት አንድ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ፊቱን ወደ ሰሜን መልሶ ከፍ አድርጎ ይመልከት። ደብዛዛ፣ ሞላላ፣ እንደ እስትንፋስ ጭጋግ ያለች ነገር ትታየዋለች። በዐይን የሚገባው መሀሏ ብቻ ነው። ዳርቻዋ በካሜራ ሲነሣ ስድስት ጨረቃዎች ተደርድረው የሚይዙትን ቦታ ይሸፍናል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጉልላቷ ግን በየትኛውም ካሜራ አልተነሣም።